ሙቲያ ሙራሊታራን

ሙቲያ ሙራሊታራን (ኤፕሪል 17 ቀን 1972 እ.ኤ.አ. በካንዲ ከተማ ተወለደ) ስሪ ላንካዊ የቀድሞ የክሪኬት ተጫዋች ነው። ኳሱን እያሾረ የሚልክ ስፒን ቦለር ሲሆን፣ ከ1992 እስከ 2011 ድረስ ለስሪ ላንካ ብሔራዊ ቡድን ተሰልፏል። በ133 የቴስት ግጥሚያዎች 800 ዊኬት፣ በ350 የአንድ ቀን ዓለም አቀፍ ግጥሚያዎች ደግሞ 534 ዊኬት ወስዷል። ሁለቱም የዓለም ክብረ ወሰኖች ናቸው። ኳስ የሚልክበት መንገድ ሕጋዊ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር ከ1995 ጀምሮ ለአሥር ዓመታት ያህል ተከትሎታል። ክርክሩ በመጨረሻ ስለ ክንድ መታጠፍ የሚደነግገው ደንብ እንዲሻሻል ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ሆኗል። ሙሉ ስሙ በእንግሊዝኛ ጽሑፎች የተለመደው «ሙራሊታራን» ተብሎ ነው፤ እሱ ግን «ሙራሊዳራን» መባልን ይመርጣል። በስፖርቱ ዓለም በአጭሩ «ሙራሊ» ይባላል።

በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የስፒን ቦለር ሥራና ሕጉ

ክሪኬት እያንዳንዳቸው 11 ተጫዋቾች ባሏቸው ሁለት ቡድኖች መካከል የሚካሄድ ጨዋታ ነው። አንዱ ቡድን ሲመታ ሌላው ኳስ ይልካል። ኳስ የሚልከው ተጫዋች ቦለር፣ በእንጨት ባት የሚመታው ባትስማን ይባላል። ባትስማኑ ከኋላው የተተከሉትን ሦስት ቋሚ እንጨቶች ከኳሱ እየጠበቀ «ሩጫ» የሚባለውን ነጥብ ያስቆጥራል። ኳሱ እንጨቶቹን ቢመታ፣ የተመታው ኳስ መሬት ሳይነካ ቢቀለብ፣ ወይም ባትስማኑ ወደ እንጨቶቹ ይሄድ የነበረውን ኳስ በእግሩ ቢያግድ ከጨዋታ ይወጣል። ይህም ለቦለሩ አንድ ዊኬት ሆኖ ይቆጠራል። ስድስት ኳሶች አንድ ኦቨር፣ የአንድ ቡድን የመምቻ ተራ ደግሞ ኢኒንግስ ይባላል። ኢኒንግሱ አሥር ባትስማኖች ሲወጡ ያበቃል። ቴስት እስከ አምስት ቀን የሚዘልቅና እያንዳንዱ ቡድን ሁለት ኢኒንግስ የሚያገኝበት የጨዋታው ከፍተኛ ደረጃ ነው። የአንድ ቀን ግጥሚያ ግን ለእያንዳንዱ ቡድን በ50 ኦቨር የተገደበ ነው።

ፈጣን ቦለሮች የሚተማመኑት በኳሱ ፍጥነት ነው። ስፒን ቦለር ኳሱን በዝግታ ልኮ፣ መሬት ነክቶ ሲነጥር አቅጣጫ እንዲቀይር ያደርጋል። ሙራሊታራን የሚልከው ኦፍ ስፒን የሚባለውን ዓይነት ሲሆን፣ ኳሱ ከነጠረ በኋላ ወደ ቀኝ እጅ ባትስማን ሰውነት ይታጠፋል። አብዛኞቹ ኦፍ ስፒን ቦለሮች ኳሱን የሚያሾሩት በጣቶቻቸው ነው። ሙራሊታራን ግን ከተለመደው በላይ የሚተጣጠፈውን የእጁን አንጓ አብዝቶ ይጠቀም ስለነበር፣ ሌሎች ቦለሮች ምንም ሹረት በማያገኙበት ሜዳ ላይ ሳይቀር ኳሱን ማጠፍ ይችል ነበር።

በክሪኬት ሕግ ቦለሩ ክንዱ ትከሻው ከፍታ ላይ ከደረሰ በኋላ ኳሱን እስኪለቅ ድረስ የታጠፈ ክርኑን መዘርጋት አይፈቀድለትም። ከዘረጋ ኳሱን «ላከ» ሳይሆን «ወረወረ» ይባላል፤ ዳኛውም «ኖ ቦል» ብሎ ይቀጣዋል። በዚህ ስፖርት ውስጥ ቦለርን ወርዋሪ ማለት አጭበርባሪ ከማለት ብዙም አይለይም።

ልጅነትና ትምህርት ቤት

ሙራሊታራን የተወለደው በስሪ ላንካ መካከለኛ ደጋ ከሚኖሩት ታሚሎች ወገን ነው። የእነዚህ ታሚሎች አያቶች በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ዘመን በሻይ እርሻዎች ለመሥራት ከደቡብ ሕንድ የመጡ ናቸው፤ የሙራሊታራን አያትም ከእነሱ አንዱ ነበር። አባቱ በካንዲ አካባቢ የብስኩት ፋብሪካ ነበረው። በ1977 በታሚሎች ላይ በተነሣው ሁከት ፋብሪካው ተቃጥሏል፤ ቤተሰቡ ግን እዚያው ቀርቶ ሥራውን እንደገና ጀመረ። ሙራሊታራን ለአራት ወንድማማቾች የመጀመሪያው ልጅ ነው።

ትምህርቱን የተከታተለው በካንዲ በሚገኘው የቅዱስ አንቶኒ ኮሌጅ ነው። ክሪኬት የጀመረው መካከለኛ ፍጥነት ያለው ቦለር ሆኖ ነበር። በ14 ዓመቱ የትምህርት ቤቱ አሠልጣኝ ሱኒል ፈርናንዶ ወደ ኦፍ ስፒን እንዲዞር መከረው። በመጨረሻዎቹ ሁለት የትምህርት ቤት የውድድር ዘመናት ከ100 በላይ ዊኬቶችን የወሰደ ሲሆን፣ የአገሪቱ የዓመቱ ምርጥ የትምህርት ቤት ተጫዋች ተብሎም ተሸልሟል። ከዚያም ኮሎምቦ ወደሚገኘው ታሚል ዩኒየን ክለብ ገባ። በ1991 ከስሪ ላንካ ሁለተኛ ብሔራዊ ቡድን ጋር ወደ እንግሊዝ ቢጓዝም በጉዞው አንድም ዊኬት ሳያገኝ ተመለሰ።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት

ስሪ ላንካ የቴስት ተሳታፊነት መብት ያገኘችው በ1981 ነው፤ ስለዚህ ሙራሊታራን ብሔራዊ ቡድኑን ሲቀላቀል አገሪቱ በዚህ ደረጃ ገና አዲስ ነበረች። የመጀመሪያ ቴስቱን በኦገስት 28 ቀን 1992 በኮሎምቦ ኬታራማ ስታዲየም ከአውስትራሊያ ጋር አደረገ። በዚያ ግጥሚያ 141 ሩጫ አስቆጥሮበት ሦስት ዊኬት ወሰደ፤ የመጀመሪያው ክሬግ ማክደርሞት ነበር። በኦገስት 1993 የመጀመሪያውን የአንድ ቀን ግጥሚያ ከሕንድ ጋር ተጫወተ። በአጭር ጊዜም የካፒቴን አርጁና ራናቱንጋ ዋነኛ መመኪያ ሆነ።

የሜልበርኑ ክስተት

በዲሴምበር 26 ቀን 1995 በሜልበርን ክሪኬት ግራውንድ ስሪ ላንካ ከአውስትራሊያ ጋር ቴስት ስትጀምር ከ55 ሺህ በላይ ተመልካች ተገኝቶ ነበር። አውስትራሊያዊው ዳኛ ዳረል ሄር ሙራሊታራን ኳሱን ወርውሯል በማለት በሦስት ኦቨር ውስጥ ሰባት ጊዜ «ኖ ቦል» አለው። ራናቱንጋ ተጫዋቹን ወደ ሌላው የሜዳ ጫፍ አዛወረው። በዚያኛው ጫፍ የነበረው የኒው ዚላንድ ዳኛ ስቲቭ ደን ግን ምንም ስሕተት አላየበትም። በአንድ ቀን፣ በአንድ ሜዳ፣ የአንድ ሰው ክንድ ለአንዱ ዳኛ ሕገወጥ፣ ለሌላው ሕጋዊ ሆነ።

ከአሥር ቀን በኋላ በብሪስበን ከዌስት ኢንዲስ ጋር በተደረገ የአንድ ቀን ግጥሚያ ዳኛ ሮስ ኤመርሰን ያንኑ ውሳኔ ደገመው። የስሪ ላንካ ክሪኬት ቦርድ ተጫዋቹን በምዕራብ አውስትራሊያ ዩኒቨርሲቲና በሆንግ ኮንግ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አስመረመረው። እንቅስቃሴው ከተለያየ አቅጣጫ በካሜራ ተቀርጾ ተለካ። ምርመራው ሁለት ነገር አሳየ። አንደኛ፣ ሙራሊታራን የቀኝ ክርኑ ከልደቱ ጀምሮ ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም። ሁለተኛ፣ የታጠፈው ክንድ ከአንጓውና ከትከሻው ፈጣን ዙሪት ጋር ሲደመር ኳሱ የተወረወረ ይመስላል፤ ነገሩ ግን የዓይን ማታለል ነው። ዓለም አቀፉ የክሪኬት ምክር ቤትም መጫወቱን እንዲቀጥል ፈቀደለት።

የዓለም ዋንጫና የኦቫል ድል

ከሜልበርን ሦስት ወር ሳይሞላ፣ በማርች 17 ቀን 1996፣ ስሪ ላንካ በላሆር በተደረገው የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ያንኑ የአውስትራሊያ ቡድን በሰባት ዊኬት ልዩነት አሸንፋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሻምፒዮን ሆነች። ሙራሊታራን የዚህ ቡድን አባል ነበር። በ1997 ደግሞ 100 የቴስት ዊኬት ያገኘ የመጀመሪያው ስሪ ላንካዊ ሆነ።

በኦገስት 1998 ለንደን በሚገኘው ኦቫል ሜዳ ከእንግሊዝ ጋር ያደረገው ግጥሚያ ከታላላቅ ሥራዎቹ ይቆጠራል። በመጀመሪያው ኢኒንግስ 155 ሩጫ አስቆጥሮበት 7፣ በሁለተኛው 65 ሩጫ አስቆጥሮበት 9፣ በድምሩ 16 ዊኬት ወሰደ። በሁለተኛው ኢኒንግስ እሱ ያላገኘው ዊኬት አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም አሌክ ስቱዋርት በሩጫ ላይ ሳለ የወጣበት ነው። ሳናት ጃያሱሪያም 213 ሩጫ አስቆጥሮ ስሪ ላንካ በአሥር ዊኬት ልዩነት አሸነፈች። በእንግሊዝ ምድር ያገኘችው የመጀመሪያ የቴስት ድል ይህ ነበር።

የአዴላይድ ግጭት

ክርክሩ በ1996 ምርመራ አልተዘጋም። በጃንዋሪ 1999 በአዴላይድ ስሪ ላንካ ከእንግሊዝ ጋር ስትጫወት ሮስ ኤመርሰን ሙራሊታራንን እንደገና «ኖ ቦል» አለው። ራናቱንጋ ከዳኛው ጋር ተከራክሮ ተጫዋቾቹን ይዞ ወደ ሜዳው ጠርዝ ሄደ፤ ጨዋታውም ለደቂቃዎች ተቋረጠ። ጨዋታው ሲቀጥል ስሪ ላንካ በአንድ ዊኬት ልዩነት አሸነፈች። ካፒቴኑ በድርጊቱ ተቀጣ። ሙራሊታራን ግን ተጨማሪ ምርመራ ተደርጎለት እንደገና ነፃ ተባለ።

ጉዳዩ በስሪ ላንካ ከስፖርት ያለፈ ትርጉም ነበረው። ከ1983 እስከ 2009 አገሪቱ በመንግሥትና በታሚል ታጣቂዎች መካከል በተደረገ የእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ ነበረች። በዚያ ዘመን አብዛኞቹ አባላቱ ሲንሃላ በሆኑበት ብሔራዊ ቡድን ውስጥ ታሚሉ ሙራሊታራን የሁሉም ወገን ተወዳጅ ነበር፤ ለክንዱ ሲሟገቱለት የነበሩትም የቡድን ጓደኞቹና የአገሩ ሕዝብ ናቸው።

ዱስራና የ15 ዲግሪው ደንብ

በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሙራሊታራን «ዱስራ» የሚባለውን ኳስ በሥራ ላይ አዋለ። ቃሉ በሂንዲና በኡርዱ «ሁለተኛው» ወይም «ሌላኛው» ማለት ነው። ዱስራ ከተለመደው ኦፍ ስፒን ጋር በሚመሳሰል የእጅ እንቅስቃሴ ቢላክም፣ ሲነጥር የሚታጠፈው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው። ባትስማኑ ከእጅ ላይ ካላነበበው፣ ከነጠረ በኋላ ለማስተካከል ጊዜ አያገኝም።

በማርች 2004 ከአውስትራሊያ ጋር በተደረጉት ግጥሚያዎች ሙራሊታራን 500ኛ የቴስት ዊኬቱን ወሰደ። ከተከታታዩ በኋላ ግን የግጥሚያው ኃላፊ ክሪስ ብሮድ ዱስራው ሕጋዊነቱ እንደሚያጠራጥር ለምክር ቤቱ ሪፖርት አደረገ። በምዕራብ አውስትራሊያ ዩኒቨርሲቲ በተደረገው ልኬት ዱስራ ሲልክ ክርኑ 14 ዲግሪ ያህል እንደሚዘረጋ ታወቀ፤ አላላኩን ካስተካከለ በኋላ ወደ 10 ዲግሪ ገደማ ወረደ። በወቅቱ ለስፒን ቦለሮች የተፈቀደው 5 ዲግሪ ብቻ፣ ለፈጣን ቦለሮች የተፈቀደው ግን 10 ዲግሪ ነበር። ስለዚህ ዱስራን እንዳይልክ ተከለከለ። በዚያው ዓመት የአውስትራሊያ ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ሃዋርድ ሙራሊታራን ይወረውራል ብለው በአደባባይ ተናገሩ፤ ተጫዋቹም ቡድኑ በ2004 ወደ አውስትራሊያ ሲጓዝ ቀረ። በጁላይ 2004 ደግሞ ክርኑን እንዳይንቀሳቀስ አድርጎ የሚይዝ የብረት ድጋፍ ታስሮለት፣ ዱስራን ጨምሮ ኳሶቹን ሁሉ በቴሌቪዥን ካሜራ ፊት ልኮ አሳየ።

ምክር ቤቱ በዚሁ ጊዜ የሌሎች ቦለሮችን ክንድም በዘመናዊ መሣሪያ አስጠና። ውጤቱ ያልተጠበቀ ነበር፤ አላላካቸው ንጹሕ ነው የሚባሉትን ጨምሮ አብዛኞቹ ቦለሮች ክርናቸውን በተወሰነ ደረጃ ይዘረጋሉ፤ ሆኖም መዘርጋቱ በዓይን አይታይም። የድሮው ደንብ እንደ ቃሉ ቢተገበር አብዛኞቹ ቦለሮች ወርዋሪ ሊባሉ ነው። በዚህ መሠረት ከ2005 ጀምሮ ለሁሉም ዓይነት ቦለር እስከ 15 ዲግሪ መዘርጋት ተፈቀደ፤ ዱስራም እንደገና ሕጋዊ ሆነ።

የቀድሞውን የሕንድ ስፒን ቦለር ቢሻን ሲንግ ቤዲን የመሳሰሉ ተቺዎች ግን አቋማቸውን አልቀየሩም። ደንቡ የተለወጠው ለአንድ ሰው ሲባል ነው የሚል ክስም ይሰማ ነበር። ደጋፊዎቹ በበኩላቸው፣ አንድ ሰው ብቻውን ለዓመታት የተጠየቀበት ነገር የሁሉም እንደነበረ ልኬቱ አሳይቷል ይላሉ።

የሱናሚው አደጋ

በዲሴምበር 26 ቀን 2004 የሕንድ ውቅያኖስ ሱናሚ የስሪ ላንካን የባሕር ዳርቻ ሲመታ ሙራሊታራን በደቡብ ወዳለችው ሲኒጋማ መንደር እየተጓዘ ነበር፤ ዘግይቶ በመነሣቱ ከአደጋው ተረፈ። ከዚያ በኋላ የጭነት መኪኖች አሰማርቶ ለተጎጂዎች ምግብና ቁሳቁስ አደረሰ። ከሥራ አስኪያጁ ኩሺል ጉናሴካራ ጋር በሚመራው የበጎ አድራጎት ድርጅት አማካይነትም ቤት ለፈረሰባቸው ቤተሰቦች መኖሪያዎች ተሠርተዋል። አደጋው የጋልን ክሪኬት ስታዲየምም አውድሞት ነበር፤ ሜዳው ታድሶ በዲሴምበር 2007 ተከፈተ።

ክብረ ወሰኖችና የመጨረሻው ቴስት

ሙራሊታራን በሜይ 2004 በሐራሬ የዌስት ኢንዲሱን ኮርትኒ ዋልሽን የ519 ዊኬት ክብረ ወሰን ሰበረ። በዚያው ዓመት በትከሻ ቀዶ ሕክምና ምክንያት ከሜዳ ሲርቅ አውስትራሊያዊው ስፒን ቦለር ሼን ዋርን አለፈው። ዋርን በ708 ዊኬት ጡረታ ከወጣ በኋላ ሙራሊታራን በዲሴምበር 3 ቀን 2007 በትውልድ ከተማው በካንዲ እንግሊዛዊውን ፖል ኮሊንግዉድን አውጥቶ 709 አደረሰ። በፌብሩዋሪ 2009 ደግሞ የፓኪስታኑን ዋሲም አክራምን የ502 ዊኬት የአንድ ቀን ክብረ ወሰን አሻሻለ። በቀጣዩ ወር፣ በማርች 3፣ ታጣቂዎች በላሆር ከተማ የስሪ ላንካን ቡድን አውቶቡስ ሲያጠቁ ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ነበር፤ ጉዳት አልደረሰበትም።

በጁላይ 2010 በጋል ከሕንድ ጋር የሚደረገው ቴስት የመጨረሻው እንደሚሆን አስቀድሞ አስታወቀ። በወቅቱ የነበሩት ዊኬቶች 792 ስለነበሩ 800 ለመሙላት ስምንት ይቀሩት ነበር። የግጥሚያው ሁለተኛ ቀን ሙሉ በሙሉ በዝናብ ቀረ። በሕንድ የመጀመሪያ ኢኒንግስ 63 ሩጫ አስቆጥሮበት 5 ወሰደ። በሁለተኛው ኢኒንግስ ሁለት ጨምሮ 799 ላይ ደረሰ፤ ከዚያ በኋላ ግን ዊኬቶቹን ሌሎች ቦለሮች ይወስዱ ጀመር። በመጨረሻው ቀን፣ በጁላይ 22፣ የቀረው አንድ የሕንድ ዊኬት ብቻ ነበር። እሱንም ሌላ ሰው ቢወስደው የሙራሊታራን የቴስት ዘመን በ799 ይዘጋ ነበር። በስተመጨረሻ ፕራግያን ኦጃ የነካውን ኳስ ማሄላ ጃያዋርዴኔ ቀለበው፤ 800ም ሞላ። ጃያዋርዴኔ ለሙራሊታራን በቴስት የቀለበው ኳስ በዚህ 77 ደረሰ። ስሪ ላንካ ግጥሚያውን በአሥር ዊኬት ልዩነት አሸነፈች።

በአንድ ቀን ጨዋታ እስከ 2011 የዓለም ዋንጫ ቀጠለ። በአገሩ ሜዳ በላከው የመጨረሻ ኳስ በግማሽ ፍጻሜው የኒው ዚላንዱን ስኮት ስታይሪስን አወጣ። በኤፕሪል 2 ቀን 2011 በሙምባይ በተደረገው ፍጻሜ ስሪ ላንካ በሕንድ ተሸነፈች፤ ይህም የመጨረሻ ዓለም አቀፍ ግጥሚያው ሆነ።

አኃዛዊ መረጃ

ቴስት፦ 133 ግጥሚያ፣ 800 ዊኬት፣ ለአንድ ዊኬት በአማካይ 22.72 ሩጫ።
የአንድ ቀን፦ 350 ግጥሚያ፣ 534 ዊኬት፣ በአማካይ 23.08 ሩጫ።
ሃያ ኦቨር ዓለም አቀፍ፦ 12 ግጥሚያ፣ 13 ዊኬት።
በአንድ የቴስት ኢኒንግስ 5 እና ከዚያ በላይ ዊኬት፦ 67 ጊዜ።
በአንድ ቴስት 10 እና ከዚያ በላይ ዊኬት፦ 22 ጊዜ።
የቴስት ምርጥ ኢኒንግስ፦ 9 ዊኬት በ51 ሩጫ፣ ከዚምባብዌ ጋር፣ ካንዲ፣ 2002።
የአንድ ቀን ምርጥ ውጤት፦ 7 ዊኬት በ30 ሩጫ፣ ከሕንድ ጋር፣ ሻርጃ፣ 2000።
በባትስማንነት ከፍተኛው የቴስት ውጤት፦ 67 ሩጫ፣ ከሕንድ ጋር፣ ካንዲ፣ 2001።

ግምገማ

ሙራሊታራንን ከዋርን ጋር ማነጻጸር የተለመደ ነው። ዋርን 708 ዊኬቶቹን ለመውሰድ 145 ቴስት ሲያስፈልገው፣ ሙራሊታራን 800 ላይ የደረሰው በ133 ነው። በሌላ በኩል ከሙራሊታራን ዊኬቶች 176ቱ የተገኙት በዘመኑ ደካማ ከነበሩት ከባንግላዴሽና ከዚምባብዌ ነው። ከስምንት መቶው 493ቱን የወሰደው በአገሩ ሜዳ ሲሆን፣ በአውስትራሊያ ምድር ባደረጋቸው አምስት ቴስቶች ግን ያገኘው 12 ዊኬት ብቻ ነው። በአንጻሩ ዋርን ሌሎች ጠንካራ ቦለሮች አብረውት ተሰልፈዋል፤ የስሪ ላንካ ቡድን ግን ከቻሚንዳ ቫስ በቀር ለረዥም ጊዜ የተደገፈው በሙራሊታራን ላይ ነበር። የስሪ ላንካና የአውስትራሊያ ቡድኖች በቴስት ተከታታይ ሲገናኙ የሚፎካከሩበት ዋንጫ ከ2007 ጀምሮ በሁለቱ ስም ይጠራል።

የ15 ዲግሪው ደንብ ከእሱ በኋላም ሥራ ላይ ነው። በዚሁ ደንብ በ2014 የፓኪስታኑ ስፒን ቦለር ሰዒድ አጅማል ተለክቶ ከገደቡ በላይ በመገኘቱ ታግዷል። በ1995 በአንድ ዳኛ ዓይን ይወሰን የነበረው ጉዳይ አሁን የሚወሰነው በላቦራቶሪ ልኬት ነው።

ከጨዋታ በኋላ

ሙራሊታራን በእንግሊዝ ለላንካሻየር፣ ለኬንትና ለግሎስተርሻየር፣ በሕንድ ፕሪሚየር ሊግ ደግሞ ለቼናይ፣ ለኮቺና ለባንጋሎር ቡድኖች ተጫውቷል። ከቼናይ ጋር የ2010 ሻምፒዮን ሆኗል። ከ2015 ጀምሮ የሰንራይዘርስ ሃይደራባድ ቡድን የቦለሮች አሠልጣኝ ሆኖ ሠርቷል። በ2016 ወደ ዓለም አቀፉ የክሪኬት ምክር ቤት የክብር መዝገብ የገባ የመጀመሪያው ስሪ ላንካዊ ሆነ። ሕይወቱን የሚተርክ «800» የተሰኘ የታሚልኛ ፊልም በ2023 ለእይታ በቅቷል።